ማተቤ ሰዓዳ አንገት ላይ ነው

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሊዲያ ከትምህርት ቤት አንድ መጽሐፍ ተውሳ መጣች። ናዚዎች አይሁዶችን እየለቀሙ በሚወስዱበት ዘመን ጓደኛዋን ቤቷ ስለደበቀች ልጅ የሚተርክ ነው። እኔ ድንች እየላጥኩ እሷ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ወታደሮቹ በሩን ሲደበድቡ የሚለው ቦታ ስትደርስ ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። «እማማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ውሸቴን ነው፤ ጌሾ ሸቶኝ ነው። እዚህ ቤት ጌሾ ከገባ ስንት ዘመኑ!

ልጅ ሳለሁ እንጅባራን ኮሶበር ነበር የምንላት። አባቴ ገና ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ እናቴ ጌሾ እየነገደች አሳደገችኝ። የቤታችን ጓዳ እስከ ጣሪያው በደረቅ ጌሾ ጆንያ የተሞላ ነበር። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ ደብተሬ ሳይቀር ጌሾ ጌሾ ይሸታል። አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ጎረቤታችን ባለሱቅ ነበሩ፤ ሰዓዳ የእሳቸው ልጅ ናት። እሷ ደግሞ ስኳርና ላምባ ትሸታለች። ከገበሬው ጋር በአገውኛ ስትከራከር አንደበቷ ለጉድ ነው፤ በቅልብልቦሽ ግን እኔ ነኝ የምበልጣት፣ ይህን ትመስክር። እኛ ቤት ለእስላም እንግዳ ተብላ ለብቻዋ የምትቀመጥ ሰማያዊ አበባ ያላት ኩባያ ነበረች። ሰዓዳ የግሏ አደረገቻት፤ ሌላ ሰው ከነካት ታኮርፋለች።

ከዚያ ያ ክፉ ዘመን መጣ፤ ቀይ ሽብር። የሰዓዳ ወንድም ከማል ወረቀት በትኗል ተባለና ጠፋ። የቀበሌ ታጣቂዎች አባትና እናቷን ወሰዷቸው። ሱቁ ታሸገ። ከዚያም «እህቱን ብንይዛት ራሱ ይመጣል» ማለታቸው ተሰማ። የአሥር ዓመት ልጅ እኮ ናት! እናቴ በጠራራ ፀሐይ ሰዓዳን በአጥሩ ቀዳዳ ስባ አስገባቻትና ከጌሾው ጆንያ ጀርባ አስቀመጠቻት። ወደ እኔ ዞራ «ትንፍሽ ብትይ እኔም አንቺም የለንም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠጠሬን ብቻዬን እየቀለብኩ፣ ጓደኛዬን የማላውቅ መስዬ ዋልኩ።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ጾሙ አንድ ነገር አቀለለልን፤ የማን ሥጋ ነው የሚል ጣጣ የለም፣ ሽሮውን አብረን እንበላለን። እኔ ደግሞ ያን ዓመት ከትልልቆቹ እኩል እጾማለሁ ብዬ ኩራቴ አያድርስ ነው። ችግሩ ጌሾው ነበር። አቧራው የሰዓዳን ጉሮሮ ያዘው፤ ሳሉ እየባሰ ሄደ። አፏን በነጠላ አፍና ስትስል ዓይኗ ይቀላል። እናቴም አንጀቷ አልችል አለና ለመናጥ ካስቀመጠችው ወተት ቀንሳ አፈላችላት። በምን ሰጠቻት? በዚያችው በአበባዋ ኩባያ! እንግዳ በራሷ ዕቃ ነዋ የምትስተናገደው። ሞት ደጃፍ ቆሞም ወግ አይቀርም።

ሰዓዳ ሁለት ጊዜ ጎንጨት ስትል በሩ ተንኳኳ። እናቴ ጆንያውን መለሰች፤ ኩባያዋ ግን መደቡ ላይ ቀረች። የገቡት ጋሽ መኩሪያ ናቸው። የሰፈራችን ሰው፣ በሰንበቴ ከአባቴ ጋር አብረው የጠጡ፤ አሁን ግን ጠመንጃ ይዘው ለቀበሌው ይጠብቃሉ። ጓዳውን፣ ጆንያውን፣ መደቡን ቃኙ። ኩባያዋን አነሱና አሸተቱ። ያቺን ኩባያ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።

«በሁዳዴ ወተት የሚጠጣው ማነው?» አሉ።

 እኔ እንዴት አፌን እንደከፈትኩት እግዜር ይወቀው፤ «እኔ ነኝ፣ አምሮኝ» አልኩ። እናቴ ወዲያው በጥፊ አጮለችኝ። ለማስመሰል ይሁን ከድንጋጤ አላውቅም፤ ብቻ ጆሮዬ ጮኸ።

«እንግዲያው ጨርሺዋ» አሉና ኩባያዋን አቀበሉኝ።

ወተቱ ገና ትኩስ ነበር። ስንት ቀን የጠበቅሁትን ጾም እዚያው ቆሜ እያለቀስኩ ገደፍኩት። አጋምሼው ሳለ ከጆንያው ጀርባ የታፈነች እህ የምትል ድምፅ ወጣች።  ትን እንዳለው ሰው ወተቱን በአፍንጫዬ ሳይቀር አወጣሁና ሳልኩ፤ ሳልኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪላጥ ሳልኩ። ጋሽ መኩሪያ አዩኝ። ከዚያ ወደ ጆንያው አዩ። ጠመንጃቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉና ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ነገ ገበያ ነው» አሉ ለእናቴ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ሁላችንንም ገበያ ሊያውሉን ነው። ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ጠባቂ እንኳ አይቀርም።»

እናቴ ያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። ሰውየው አዝነውልን ነው ወይስ ልጅቷን መንገድ ላይ ሊይዟት? ብትቀመጥ ሳሉ ያስይዛታል፤ ብትሄድ ደግሞ እንጃ። ከግምጃ ቤት በኩል ጌሾ የሚያመጡልን እማሆይ ጥሩዬ የሚባሉ መበለት ነበሩ፤ ሰዓዳ እዚያ አጎት አላት። ጠዋት ሸክማቸውን ሲያወርዱ እናቴ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እሳቸውም «አገውኛ ከቻለች የኔ ልጅ ናት» አሉ፤ በቃ።

የእኔን ቀሚስ አለበስናት፤ ፀጉሯን ገለጥን። የቀረው ማተብ ነው። እናቴ ፈትል ልታነሳ ስትል እማሆይ «አዲስ ክር ያስታውቃል» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ የልጅ ማተብ ላብና እድፍ የጠገበ ነው። ሁሉም አንገቴን አዩ። ፈትቼ ራሴ አሰርኩላት። ማተብ መፍታት ምን ማለት እንደሆነ እያወቅሁ ነው። ሰዓዳም አለቀሰች። «አባቴ ቢያየኝስ?» አለች። እናቴ «አንቺ ብቻ ኑሪለት፤ አላህ ልብሽን ያያል» ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

ሰዓዳ ባዶ ጆንያ ተሸክማ ልትወጣ ስትል በጆሮዬ «ስደርስ ፈትቼ እልክልሻለሁ። ክሩ ከመጣልሽ ደርሻለሁ ማለት ነው» አለችኝ። ገበያተኛው መሐል ገባች። ዞራም አላየችኝ፤ እንዳትዞር ተነግሯታልና።

ክሩ አልመጣም። በሚቀጥለው ገበያ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ፤ እማሆይም አልመጡም። ከዚያም በኋላ አልመጡም። እናቴ ሰው ላከች፤ አጎትየውም ሱቃቸውን ዘግተው አገር ለቀዋል አሉ፤ የት እንደሄዱ የሚያውቅ አልተገኘም። የሰዓዳ ወላጆችም እንደወጡ ቀሩ። ጋሽ መኩሪያ እስኪሞቱ ድረስ መንገድ ላይ ሲያገኙን አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሉን ነበር። ያ አንገት መስበር የከዳ ሰው እፍረት ነበር ወይስ አብረን የያዝነው ምስጢር? እናቴ ፈርታ ሳትጠይቃቸው ሞተች። እኔም ፈራሁ።

የዛሬ ልጅ መንገድ ከወጣች ስልኳን አውጥታ «ደርሻለሁ» ትላለች፤ ኔትወርክ እምቢ ካላት ደግሞ ታማርራለች። አይ ልጄ! ዛሬም ቢሆን የስንቱ እናት ስልክ ስልክ ስታይ እንደምታድር አውቃለሁ። ያኔ ግን ለኔ «ደርሻለሁ» የምትለዋ አንዲት ያደፈች ክር ብቻ ነበረች። መነኸሪያ ሄጄ ሚኒባስ ስጠብቅ የኔን እኩያ፣ ሻሽ ያደረገች ሴት ሳይ ዓይኔ አንገቷ ላይ ያርፋል። ያብዳል እንዴ ሰው? ያብዳል።

ሊዲያ መጽሐፉን ጨርሳ ከደነችው። «ልጅቷ ዳነች እማማ!» አለችኝ ደስ ብሏት። ከዚያ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝና ተነሥታ ጥቁር ክር አምጥታ ከጎኔ ቁጭ አለች። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ባዶ አንገቴን እያዩ ሲንሾካሾኩ እሷም ሰምታለች ለካ።

«ልሰርልሽ?» አለችኝ።

አንገቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። «ተይው የኔ ልጅ» አልኳት። «አሁን ካሰርኩት እኮ አልደረሰችም ማለቴ ነው።»