ሉቢ የተማሩት ባለቤቴ እና የሰናይት ቫዮሊን

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሰናይት ቫዮሊኗን አቅፋ ቤታችን መጣች። እዚህ ሮማ፣ ፖንቴ ማሞሎ ሰፈር አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት የምትንከባከብ ባዳንቴ ናት፤ እሑድ እሑድ ቸርች መዘምራኑን በቫዮሊን ታጅባለች።

«ጋሼ፣ ድምፁ ጠፋብኝ... ውስጡም የሆነ ነገር ይንከባለላል» አለች።

ባለቤቴ ወዲያው ገባቸው። በቫዮሊን ሆድ ውስጥ እርሳስ የምታክል እንጨት ትቆማለች፤ እሷ ከወደቀች ድምፅ የለም። ባለቤቴ በወጣትነታቸው ሉቢ በምትባል ትንሽ የቼክ ከተማ ቫዮሊን መሥራት ተምረዋል። አንዱ ቤት አንገቱን፣ ሌላው ቤት ጀርባውን የሚሠራባት ከተማ ነበረች ይላሉ። አዲስ አበባም ሮማም የኖሩት በዚሁ ሙያ ነው። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ግን ፊት ለፊት ካልተናገሯቸው አይሰሙም። መሣሪያቸውንም ከሳጥኑ አውጥተው አያውቁም።

«ይተዉት፣ ሌላ ሰው ይየው» አልኳቸው።

«ይህ በጆሮ አይሠራም፤ በጣት ነው» አሉኝ።

ከሳጥኑ የተጠማዘዘ ብረት አውጥተው በቫዮሊኑ ቀጭን ቀዳዳ አስገቡና እንጨቷን አቆሟት። ከዚያ እንደ ድሮ ልማዳቸው ወደ ኮሪደሩ ወጥተው በሩን ዘጉ። የሉቢው አስተማሪያቸው፣ የሠራ ሰው አጠገብ ቆሞ ከሰማ ራሱን ያታልላልና ከበር ውጪ ይስማ ይሏቸው ነበር።

ሰናይት አንድ መዝሙር እስከ መጨረሻው ተጫወተች። እንዲህ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

በሩ ተከፈተ፤ ባለቤቴ ብቅ አሉ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ምን ትጠብቃለች? ትጀምር እንጂ!»

ሰናይት ቀስቷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ባለቤቴ ፊታችንን አዩ... ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጨርሳለች?»

«አዎ። በጣም ጥሩ ነው» አልኳቸው።

ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «አንቺ? ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ሥራዬን በአንድ ጊዜ ጥሩ ነው ብለሽ አታውቂም። አዘንሽልኝ ማለት ነው።»

እውነታቸውን ነው። አስተማሪ ነበርኩ፤ «ጥሩ» የሚለው ቃል ከአፌ በቀላሉ አይወጣም። ብምል ብገዘት አላመኑኝም። ብረቶቹን በጨርቅ እየጠቀለሉ «ለሚሠራበት ሰው ስጪልኝ፣ በቃኝ» ሲሉ አላስቻለኝም።

«እሺ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ቀጭኗ ክር ትጮኻለች!»

ቀና አሉ። «አላልኩሽም! አሁን ገና አንቺ ሆንሽ...»

ጨርቁን ፈትተው እንጨቷን የፀጉር ውፍረት ያህል ገፋ አደረጓት። ሰናይት ደግማ ተጫወተች። በዚህ ጊዜ አልወጡም፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁ።

«አሁንስ?»

«አሁን ተስተካከለ።»

«የተበላሸ ቫዮሊን ያለው ጓደኛ ካለሽ አምጪው» አሏት ለሰናይት። ብረቶቹን ወደ ሳጥኑ አልመለሷቸውም፤ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው።

ልጅቷን እስከ አሳንሰሩ ሸኘኋት።

«እትዬ... የመጀመሪያው ይሻል ነበር» አለችኝ በቀስታ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት ሳርም ኖሬ... ትናንት ትክክሉን አሳረምኩ።