ደህና ነው ያልኩት ስድስት ጎራሽ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ጥር፣ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለሴሚስተር እረፍት ደባርቅ ወላጆቼ ዘንድ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ወራት አልፈዋል፤ ነገሩ ግን አላለፈም። የምጽፈውም ስለተጠናቀቀ ሳይሆን አለመጠናቀቁ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

አባቴ በበቅሎዎቹ የቱሪስት ጓዝ በስሜን ተራሮች እስከ ጨነቅ ካምፕ እያደረሰ ነው ያሳደገን። ያን ሰሞን ታላቅ እህቴ ዝናሽ ልትዳር ሁለት ሳምንት ነበር የቀራት። ሙሽራው ማሩ ይባላል፤ ከመካነ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖር ገበሬ ነው።

አባቴ ከዚያ በፊት ዛሪማ ላይ ከአንድ ሰው አሮጌ ሽጉጥ ገዝቶ ነበር። ጥይቱ በሚሽከረከር ቤት ውስጥ የሚገባ፣ ስድስት ጎራሽ የምንለው ዓይነት ነው። እሱ ግን የሚያጎርሰው አምስት ብቻ ነበር። ጥይቱን ከሚያፈነዳው መምቻ ፊት ያለውን ቤት ሁልጊዜ ባዶ ይተወዋል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «አባቴም እንዲሁ ነበር የሚይዘው» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

እቤት በገባሁ ማግስት ጠራኝ።

«እንግሊዝኛው እንዴት ይዞሻል?»

«ደህና ነው አባባ።»

ለካ ጨነቅ ላይ አንድ ፈረንጅ ሽጉጡን ከወገቡ አይቶ በአስጎብኚው በኩል አንድ ነገር ነግሮት ኖሯል። የሠራው ፋብሪካ «እንዲህ ያለውን ሽጉጥ መልሱልኝ» ብሎ አስታውቋል፤ ከመካከላቸው ሲወድቅ ምላጩ ሳይሳብ የሚተኩስ አለ፤ ደህናውና በሽተኛው የሚለየው በቁጥሩ ነው፤ ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል ብሎታል።

«እንግዲህ ያስተማርንሽ ለዚህ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ፈረንጁ እውነቱን ይሁን ውሸቱን፣ አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

በእኛ አካባቢ የሰው መሣሪያ ቁጥር አይጠየቅም። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ቁጥሩን ለወንድሙ እንኳ አይናገርም። አባቴ በሩን ዘግቶ፣ እጀታው ሥር የተቀረጸውን በጋቢው ጫፍ ጠራርጎ አሳየኝ። እኔም ደብተሬን አወጣሁ። እጄን ያዘኝ።

«ወረቀት ላይ አይሰፍርም! በቃልሽ ያዢው።»

«ብረሳውስ?»

«የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ዳዊትን በሙሉ በቃላቸው ይይዙ የለም እንዴ? አንቺን ዩኒቨርሲቲ የገባሽውን ስድስት ቁጥር ያቅትሽ?»

እስከ ኢንተርኔት ቤቱ ድረስ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሰላም ላሉኝ ሰዎች መልስ አልሰጠሁም፤ ከመለስኩ ቁጥሩ የሚጠፋብኝ መስሎኝ ነበር።

ገጹ የተከፈተው መስመር በመስመር ነው። የፈረንጁ ቃል እውነት ነበር። የሽጉጡ ፎቶ የአባቴን ይመስላል። ከሥሩ «ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር» የሚል ዝርዝር አለ። አንድ በአንድ እያለፍኩ ሁለት ጊዜ አየሁት። የአባቴ ቁጥር የለበትም። ገጹ ከታች ገና ይቀረው ስለነበር ላወርደው ስል መብራት ሄደ።

«በቃ፣ ዛሬ አትጠብቂ» አለ ባለቤቱ። «ነገ ነይ።»

በማግስቱ አልሄድኩም። የሠርግ ሥራ በዝቶ ነበር ብል ውሸት አይሆንም፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። ምክንያቱ ያኑ ዕለት ስመለስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ የነበረ መሆኑ ነው።

«እህሳ?» አለኝ ገና ከሩቅ።

ግማሹን ነው ያየሁት፣ መብራት ሄደብኝ ማለት ነበረብኝ። ግን ያስተማረኝ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርቴን ፈልጎ ነው የላከኝ። ግማሽ መልስ ይዤ ለመግባት አፈርኩ።

«የለበትም አባባ። ደህና ነው።»

«ተባረኪ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ከኪሱ አንድ ጥይት አውጥቶ ባዶውን ቤት ሞላው። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ያን ጊዜ ድምፁ ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

ሠርጉ ደረሰ። ማሩ ሚዜዎቹን አስከትሎ መጣ፤ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ሙሽራዋን ይዞ ሊነሳ ሲል አባቴ መሀል ገባና ሽጉጡን ከነማኅደሩ ከወገቡ ፈታ። የገዛው ለራሱ ይመስለኝ ነበር። በሁሉም ፊት በማሩ ወገብ ላይ አሰረለት።

«ልጄን ሰጥቼህ ባዶ ወገብህን አልሸኝህም» አለ። «አሮጌ ነው ብለህም እንዳትሰጋ። ይቺ ተማሪ ልጄ በኢንተርኔት አስመርምራዋለች፤ እንከን የለበትም!»

ከሚዜዎቹ አንዱ «ሙሽራዪቱንስ አስመርምራችኋል?» ብሎ ድንኳኑን አሳቀው። እልልታው ቀለጠ። አንዲት አክስቴ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። እኔም ከሰዉ ጋር ሳቅሁ።

እረፍቱ አልቆ ግቢ ስመለስ፣ በመጀመሪያው ክፍት ሰዓቴ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያንኑ ገጽ ከፈትኩ። ጥርጣሬ አልነበረኝም። የጀመርኩትን ነገር ሳልጨርስ መተው ስለማልወድ ብቻ ነው። እዚያ ገጹ ወዲያው ተከፈተ። ከመጀመሪያው ዝርዝር ሥር፣ በኋላ የተጨመረ ሁለተኛ ዝርዝር አለ። የአባቴ ቁጥር እዚያ መካከል ላይ ነበር።

ምናልባት በቃሌ የያዝኩት ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ ደጋግሜ አልኩት። አልተሳሳተም።

ከዝርዝሩ በታች «መሣሪያውን መጠቀም ያቁሙ፤ ይላኩልን፣ በነፃ አድሰን እንመልስልዎታለን» ይላል። በምችለው እንግሊዝኛ ሁሉ ተጠንቅቄ ኢሜይል ጻፍኩላቸው። ከቀናት በኋላ በትሕትና መለሱልኝ፤ የምኖረው ከአገራቸው ውጭ ከሆነ የገዛሁበትን መደብር እንዳነጋግር መከሩኝ። የገዛንበት መደብር ያ የዛሪማ ሰውዬ ነው። ስሙን እንኳ አላውቀውም።

እህቴ ያለችበት መንደር ኔትወርክ የለውም። ለአባቴ ደወልኩና የሆነውን ሁሉ፣ መብራት መሄዱንም ጭምር ነገርኩት።

«ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ።

ጥያቄውን አልፌ ወደ ሽጉጡ ሄድኩ።

«አባባ፣ ማሩ እንዲመልሰው ላክበት።»

«በአገር ፊት ለአማቼ ያስታጠቅሁትን በሽተኛ ነው፣ መልስ ልበለው? እህትሽ በዚያ ቤት ምን ልትባል ነው? ‹አባቷ የተበላሸ ሰጥቶ ያታለለን› ትባል?»

«ሰው ቢሞትስ?»

«አታሟርቺ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «አንዱን ቤት ባዶ ያድርገው በይው። ከአንቺ ይምጣ። ከእኔ ግን አይሁን።»

ለእህቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀድጄ በአራተኛው ነው የጨረስኩት። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የአባቴ አለመሆኑን፣ ሽጉጡ ከወደቀ ሊተኩስ እንደሚችል፣ ማሩ ከቻለ ጥይቱን በሙሉ እንዲያወጣው፣ እንቢ ካለ፣ ሲወድቅ መምቻው የሚመታው ጥይት እንዳያገኝ ከፊቱ ያለውን ቤት እንኳ ባዶ እንዲተው በግልጽ አማርኛ አስረዳሁ። ወደ መካነ ብርሃን ለሚመለስ አንድ መምህር አደራ ብዬ ሰጠሁት።

ከብዙ ሳምንታት በኋላ እህቴ ደወለችልኝ። ለገበያ ወደ መካነ ብርሃን ወጥታ ነበር።

«እታለም፣ ደብዳቤው ደረሳችሁ?»

«ደርሶናል። ማሩ አነበበና ሳቀ።»

«ምን ያስቃል?»

«‹አባትሽ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተመርምሯል፣ እንከን የለበትም ብሎ የለም እንዴ?› አለኝ። ‹ተማሪ ፈተና ሲደርስባት እንዲህ ይጨንቃታል› ይላል።»

«አንዱን ቤት ብቻ ባዶ ያድርገው።»

«ብዬው ነበር። ‹ስድስት ጎራሽ ታጥቄ አምስት ይዤ ልዙር? ሰው ምን ይለኛል?› አለ። ምን ላድርገው ብለሽ ነው፣ ገና አዲስ ሙሽራ ነኝ፤ ስንቱን ልጨቅጭቀው?»

«ቤት ሲገባ የት ያስቀምጠዋል?»

«የት ያስቀምጠዋል! ኩላቡ ላይ ይሰቅለዋል እንጂ።»

«የትኛው ኩላብ?»

«ከአልጋችን በላይ ያለው።»

አውርዱት፣ ሌላ ቦታ አድርጉት ብዬ ጮኽኩ። የሰማችኝ አይመስለኝም። «ሃሎ? ሃሎ?» ስትል ቆይታ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል አልገባልኝም። ሌላ ደብዳቤ ልኬያለሁ። ስለ መድረሱ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ለሰው ሳወራው አንዳንዱ ጓደኛዬ «እስካሁን ምንም ካልሆነ አይሆንም» ይለኛል። እኔ ግን የመጀመሪያው ቃሌ ማሩ ወገብ ላይ ታጥቆ መሄዱን አውቃለሁ። ሁለተኛውን ቃሌን የሚሰማኝ አጣሁ። ለአባቴ ያን ቀን «ግማሹን ነው ያየሁት» ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ የሚደርስብኝ የአንድ ቀን እፍረት ብቻ ነበር።

አሁን ስልኬ ሲጠራ ከእህቴ ቤት ወሬ ይሆናል ብዬ ቶሎ አላነሳውም። ካነሳሁም በኋላ የደወለው ሰው ምን እንደሚል እስክሰማ አልተነፍስም።

የሽጉጡን ቁጥር አባቴ እንዳዘዘኝ ወረቀት ላይ አላሰፈርኩትም፤ እዚህም አልጻፍኩትም። ልርሳው ብልም አልወጣ ብሎኛል። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስተምር፣ ካፌ ተሰልፌ ስቆም፣ ያን ቀን ወደ ኢንተርኔት ቤት ስሄድ እንዳደረግሁት ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።