ሰባተኛው ጥያቄ በሞጣ

የሞጣ ጸሎት ቤት የተዘጋው በእኔ ስህተት ነው ተብሎ በቢቸና ካቶሊክ ቁምስና ቃለ ጉባኤ ላይ ተጻፈብኝ። «በመረጃ ሰብሳቢው ስህተት» ይላል። መረጃ ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ ሌላ አልነበረም። ያቺ መስመር ከዓመት በላይ እንደተጻፈች ቆየች። እሷ ሳትጻፍ በፊት ሰው ሞቶ ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ለካቴኪስቶች ነው፤ ቄስ በሌለበት ጸሎት ለሚመሩ፣ ልጆች ለሚያስተምሩ፣ በሽተኛ ለሚጠይቁ። መጽናናት የፈለገ ሌላ ነገር ያንብብ።

ሥራ የጀመርኩት ቢቸና ላይ በዘበኝነት ነው። በመጀመሪያው ቀን የዚያን ጊዜው ቆሞስ፣ የቁምስናው አለቃ ቄስ፣ አንድ ዱላ፣ አንድ የዝናብ ካፖርትና ዐሥራ አንድ ቁልፍ የተሰካበት ቀለበት ሰጡኝ። በየቁልፉ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «የክፍሉ ስም ተጽፎበታል፣ አትቸገርም» አሉኝ። አልቸገርም አልኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ፊደል አልለይም። ቁልፎቹን በየበሩ ስሞክር ዋልኩ። ሥራ ሲያበቃ ዐሥራ አንዱንም በጥርሳቸው አውቄያቸው ነበር።

ያስተማሩኝ አንዲት መነኩሲት ናቸው፤ ሲስተር እንላቸው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በበሩ ሥር በርጩማ ያስወጣሉ፣ ቃል ይነግሩኛል፣ እጽፋለሁ። አንድ ቀን «ላሜ ጠፋች» ብለው አጻፉኝ። ደብተሬን ሲያዩት «ላሜ ጠፋች፣ ተገኘች» ይላል።

«ተገኘች የሚለውን ማን ነገረህ?»

«ጠፍታ ትቅር እንዴ፣ ሲስተር?»

«ትቅር! የሰማኸውን ጻፍ። ከራስህ አትጨምር።»

ይህን እንደ ትእዛዝ ያዝኩት። በልጅነቱ የተማረ ሰው በጽሑፍ ይጫወታል፣ ይሰርዛል፣ ይደልዛል። እኔ ለእያንዳንዷ ፊደል ላብ አፍስሼባታለሁ፤ አልጫወትባትም።

ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ካቴኪስት አድርገው ሞጣ ላኩኝ። ሞጣ ያለነው ካቶሊኮች ጥቂት ቤተሰብ ነን። ጎረቤቱ ሁሉ ኦርቶዶክስ ነው፤ ለቅሶውም ሰርጉም የጋራ ነው። ጸሎት ቤታችን አንዲት ቆርቆሮ የለበሰች ክፍል ናት፤ ከጀርባዋ መቃብር አለ። ቆሞሱ በወር አንድ እሑድ ከቢቸና መጥተው ይቀድሳሉ። በቀሩት እሑዶች በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ወንጌሉን አነባለሁ፣ የተወለደውንም የሞተውንም በመዝገብ አሰፍራለሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራሁ።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ቢቸና ተጠራሁ። አዲሱ ቆሞስ አባ ዘካርያስ ነበሩ፤ በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ። የቁምስናው ምክር ቤት ጸሐፊ መምህር ዳንኤል ነበር፤ ከወልቂጤ በኩል ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን የምለው ደግ ስለሆንኩ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

«የአምስት ዓመት ዕቅድ እናወጣለን» አለ ዳንኤል። «እስከ ዛሬ ዕቅዱ ከአባ ቢሮ ነበር የሚወጣው። አሁን ምእመኑ ራሱ ይናገር።»

መጠይቁ ዐሥራ ሁለት ጥያቄ ነበረው። ሰባተኛው «በአካባቢዎ ካለው የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ምን ይጎድላል?» ይላል። ከሥሩ ሦስት ባዶ መስመር አለ።

«መጻፍ የማይችል ሲያጋጥመኝስ?» አልኩት።

«እርስዎ ይጽፉለታል፣ ጋሼ። ግን የነገሩዎትን ብቻ። ከራስዎ ከጨመሩ ጥናቱ ይበላሻል።»

«እሱን እንኳ በላሜ ተምሬዋለሁ» አልኩ። አልገባውም።

መጀመሪያ የቢቸናውን በተንኩ። ቢቸና ያሉት አብዛኞቹ ከሌላ አገር የተመደቡ ናቸው፤ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞች፣ የቢሮ ሰዎች። ራሳቸው ሞሉት። የወጣቶች አዳራሽ አሉ፣ መዋዕለ ሕፃናት አሉ፣ ለመዘምራን ኪቦርድ አሉ፣ እሑድ ሁለተኛ ቅዳሴ ይጨመር አሉ። አንዲት ነርስ ተጨማሪ ወረቀት ጠየቀችኝ።

«ሰባተኛው ላይ ቦታው አልበቃኝም፣ ጋሼ።»

«እኅቴ፣ ጉድለትሽ በዛ።»

«ገና መጀመሬ ነው!» አለችና ጀርባውንም ሞላችው።

አልፈርድባትም። ተጠየቀች፣ መለሰች።

ከዚያ ሞጣ ተመለስኩና ቤት ለቤት ሄድኩ። መጀመሪያ የገባሁት እማማ የሺ ቤት ነው። ባላቸው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ተቀብረዋል። ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም፤ እሑድ ግን ከሁሉ ቀድመው ደጃፉ ላይ የማገኛቸው እሳቸውን ነበር። መጠይቁን ከተጠቀለለበት ላስቲክ አወጣሁት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የመሬት ነው?»

«የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እማማ። ምን ይጎድላችኋል ይላል።»

«ማነው እሱ የሚለው?»

«ምክር ቤቱ። አባም ያዩታል።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አባ በሩ ላይ የቆሙ ይመስል። «አባ ካዩትማ ተመስገን ብለህ ጻፍ። ምንም አልጎደለብን። ዕድሜ ይስጥልን በል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ? ከቄሱ ልታጣላኝ ነው?»

ጻፍኩ። አነበብኩላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኩ። ወረቀቱን በላስቲኩ ጠቀለልኩና ተነሣሁ።

«ቆይ ልሸኝህ» አሉ። ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ አጥሩ በር ወጡ። እዚያ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማኝማ። እኔ እንግዲህ ብዙ አልቆይም። አባ በወር አንዴ ነው የሚመጡት፤ ክረምት ሲሆን ያም ይቀራል። በመሀል የሞትኩ እንደሆነስ? ሳልቆርብ ልሂድ? በየሁለት ሳምንቱ እንዲመጡልን አንተ በዘዴ ንገራቸው።»

«ታዲያ ቅድም ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?»

«ወረቀት ላይማ እንዴት ይባላል! ስሞታ ይሆናል እኮ።»

መጠይቁ በብብቴ፣ እስክሪብቶው በኪሴ ነበር። አላወጣሁትም። የተጠየቀው ተመልሷል፣ ጣት አርፎበታል፣ በር ላይ የተነገረው የጨዋታ ነው ብዬ ሄድኩ።

ቀጥሎ የገባሁት አለባቸው የሚባል አናጢ ቤት ነው። ቤት ውስጥ «ተመስገን፣ ሰላም ነን» አለኝ። በሩ ላይ ደግሞ «ያ ጣሪያ አንድ ቀን ላያችን ላይ ይወርዳል፣ ሰውዬ! ቆርቆሮ ይስጡን፣ እኔ በነፃ እመታዋለሁ» አለ። ሁሉም ቤት እንደዚሁ ሆነ። ተቀምጠው አመሰገኑ፤ ሲሸኙኝ የጎደለውን ነገሩኝ። እኔም የተቀመጡበትን ጻፍኩ፣ የሸኙበትን ተውኩ። ከሞጣ ይዤ የሄድኩት ወረቀት አንድ ስርዝ አልነበረበትም። ኮርቼበት ነበር። እውነቱ ይኸው ነው፤ ኮርቼበት ነበር።

ሰኔ ላይ ውጤቱ ቢቸና አዳራሽ ቀረበ። ዳንኤል መልሶቹን በዐምድ የከፈለ ባለ ቀለም ሥዕል ግድግዳው ላይ ለጥፏል። የቢቸናው ዐምድ ላይ የጎደለው ዝርዝር እስከ ታች ይወርዳል። የሞጣው ባዶ ነው።

«ሞጣ ላይ ምእመኑ እጅግ ረክቷል» አለ። ዕቅዱን አነበበ። የአባ ጊዜ ወደ ቢቸና ይዞራል፤ ሁለተኛ ቅዳሴ ይጨመራል። የሞጣ ጸሎት ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለልደትና ለፋሲካ ይከፈታል። ቁልፉ ቢቸና ቢሮ ይቀመጣል። ካቴኪስቱ ወደ ቢቸና ተመልሶ በር ይጠብቃል።

ተነሣሁ። «አልረኩም» አልኩ።

«ጋሼ፣ ጽሑፉ የእርስዎ ነው» አለ ዳንኤል።

«የእኔ ነው። ተመስገን ያሉት አባን አክብረው ነው። የጎደላቸውን ሲሸኙኝ በር ላይ ነው የነገሩኝ።»

አንዱ የምክር ቤት አባል ከኋላ «የበር መጠይቅ አላባዛንም» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

አባ አልሳቁም። «እኛ የምንወስነው ወረቀት ይዘን ነው» አሉኝ። «ወረቀቱ ላይ ካለ ያሳዩኝ።»

ወረቀቱ ላይ የለም። ተቀመጥኩ። በማግስቱ ቁልፉን ፈርሜ አስረከብኩና ሥራ በጀመርኩበት በር ላይ ቆምኩ።

ሐምሌም ነሐሴም የሞጣ መንገድ ክፍት ሆኖ የሰነበተባቸው ቀናት ነበሩ። አንድ እሑድ እንኳ አልተሄደም፤ ዕቅዱ ላይ የለማ። በኋላ በአካባቢው በተነሣው ግጭት መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቆረጠ። ኅዳር 2016 ላይ አንድ ሾፌር ከአለባቸው የተላከ ቁራጭ ወረቀት አመጣልኝ። «እማማ የሺ ተኝተዋል። አባን እየጠሩ ነው» ይላል።

ለአባ ሰጠኋቸው። አንብበው ወረቀቱን መለሱልኝ። «በዚህ መንገድ?» አሉ። ፈርተው ነበር። በፍርሃታቸው አልፈርድም፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ብቻዬን ሄድኩ። እስከ ጉንደ ወይን በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ አብዛኛውን በእግሬ።

እማማ የሺ አወቁኝ። ከኋላዬ ወደ በሩ አዩ።

«አባስ?»

«መንገዱ ተዘግቶ ነው፣ እማማ።»

«ያኔ ነግረሃቸው ነበር?»

«ነግሬአቸዋለሁ» አልኩ። ውሸት አይደለም። ግን የነገርኳቸው ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

«እንግዲህ ተመስገን» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሦስተኛው ቀን ሞቱ። አልቆረቡም።

መቃብሩን የቆፈሩት የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። አስከሬኑን ጸሎት ቤት ልናስገባ ስንል በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ቢቸና ነው። አለባቸው መዶሻውን ይዞ መጣ።

«ልስበረው?»

«ተው፣ የፈረምኩበት ነው» አልኩ።

«የፈረምክበት!» አለና መዶሻውን ሣሩ ላይ ወረወረው።

ጸሎቱን ከደጅ አነበብኩ። ዛሬ ቢሆን አሰብረው ነበር።

ጥር ላይ መንገዱ ሲከፈት አለባቸው ሁለት ሰው ይዞ ቢቸና ምክር ቤት ገባ። «ምንም አልጎደለብንም ያለው ማነው?» ሲል መጠይቁን አሳዩት።

«ጣቱ የእኔ ነው» አለ። «ታዲያ ቤቴ እንግዳ አስቀምጬ አባን ልማቸው ኖሯል? ለዚህ ሰውዬ በር ላይ ነግሬዋለሁ!»

ምክር ቤቱ ምክንያት ፈለገ፣ እኔን አገኘ። ከራስህ አትጨምር ያሉኝ ሰዎች ጠለቅ ብሎ አልጠየቀም ብለው ጻፉ። ያቺ መስመር ያኔ ነው የገባችው። ጸሎት ቤቱ ግን እንደተዘጋ ነው፤ ዕቅድ በመሀል አይቀየርም ተባለ።

ሦስት ማመልከቻ አስገባሁ። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው፣ ሙሉውን ግን አልወስድም፣ ጸሎት ቤቱም ይከፈት አልኩ። አባ ጠሩኝ።

«ለአንድ መስመር ይህን ያህል?»

«ማንበብ ባልችል ዝም እል ነበር፣ አባ። አስተማራችሁኝ።»

ከዓመት በኋላ ዳንኤል ወደ ዘበኛ ቤቴ መጣ። ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ እኛም አገር እኮ ሲሸኙ ነው የሚነገረው» አለ። «ያን ቀን ሲናገሩ ገብቶኝ ነበር።»

«ገብቶህ ዝም አልክ?»

መሬት መሬት አየ። «ሥዕሉ አምሮልኝ ነበር።»

ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። የእኔም ወረቀት አምሮልኝ እንደነበር ትዝ አለኝና ተውኩት። የሞጣውን እንደገና እንጠይቅ፣ ለምክር ቤቱ እኔ አቀርበዋለሁ አለ።

በ2017 መጋቢት አብረን ሄድን። ቤት ውስጥ ዐሥራ አንዱን ጥያቄ ጠየቅን፤ ሰባተኛውን ዘለልነው። ሲሸኙን በሩ ላይ አወጣሁትና አጥሩን ተደግፌ ጻፍኩ።

«ስሜን አትጥቀስ» አለ አለባቸው። ልጽፍ ስል «ኧረ ጥቀሰው! እማማ የሺ እንደሆነ ሞተዋል» አለ።

እማማ የሺ ቤት ተዘግቶ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ፤ ያኔ የነገሩኝን በሌላ ወረቀት ጻፍኩት። ጣት የለበትም። ዳንኤል አየው፤ ይበላሻል አላለም፣ ከሌሎቹ ጋር አሰረው።

ለሙያ ጓደኞቼ ያለኝ ይህ ነው። መጠይቅ ስትይዙ የተነገራችሁን ጻፉ። ግን ሸኝተዋችሁ እስኪመለሱ ድረስ ወረቀቱን አትጠቅልሉት። ይህን ፊደል ሳልቆጥር በፊት አውቀው ነበር፤ ከቆጠርኩ በኋላ ረሳሁት።

ዳንኤል እንዳለው አቀረበው፤ ምክር ቤቱ መስመሯን አረመ። «ስህተቱ የመጠይቁ አዘጋጆችና የመረጃ ሰብሳቢው ነው» ይላል አሁን። ግማሽ ነው፤ ልኩ ነው። ሞጣ በየሁለት ሳምንቱ እንዲቀደስ ተወሰነ። ቁልፎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉልኝ፣ የሞጣውን በጥርሱ ለይቼ አነሣሁ። ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩ፤ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.።