ቁልፍ የሌለው ፎልደር

ኮምቦልቻ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ አምስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ሁለቱ ያረጁ ዊንዶውስ፣ ሁለቱ አዲስ፣ አንዱ በእርዳታ የመጣ፣ ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሲስተም የሚሠራ ነው። የተማሪዎች ውጤት በፍላሽ ይዞር ነበር፤ ቫይረሱም አብሮ። ሁለት ቅዳሜ ከምኖርበት ደሴ በሚኒባስ ወርጄ አምስቱንም በኬብል አገናኘሁ። ውጤቱ ሁሉ ሊኑክሱ ላይ በአንድ ፎልደር ውስጥ እንዲቀመጥ፣ ሌሎቹም ባሉበት ሆነው እንዲከፍቱት አደረግሁ።

ከዚያ ሰሌዳ ላይ ቁምሳጥን ሥዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ማስረዳት ስጀምር ማቆም አልችልም።

«ከዛሬ ጀምሮ ፎልደሩ የእያንዳንዳችሁ ኮምፒውተር ውስጥ አለ ማለት ነው» አልኩ።

የጂኦግራፊው አስተማሪ፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት፣ እጃቸውን አወጡ። «ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

«ጋሼ፣ ቁልፍ የለውም። ጥቅሙም እሱ ነው።»

«እንግዲያው ቁምሳጥንህን ሰኞ ገበያ መሃል አስቀምጠውና ዞረህ ተመለስ። ወላሂ፣ ማጠፊያው እንኳ አይተርፍልህም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በእኔና በእሳቸው መካከል ሰላምታ ተቋረጠ። እሳቸው «ኢንጂነሩ» ይሉኛል፤ እኔም ወረቀት የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው እያልኩ አማቸዋለሁ።

በግማሽ ዓመቱ ማብቂያ ላይ ዝውውራቸው ተፈቀደ። ባለቤታቸው ታመው አልጋ ላይ የዋሉት ኩታበር ነው፤ ዝውውሩንም ለዓመታት ሲጠይቁ ኖረዋል። ሰኞ እዚያ ካልተገኙ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እኛ ጋ የሚለቅ ሰው ኮምፒውተሩን ባዶ አድርጎ ነው የሚያስረክበው። እሳቸውም ሐሙስ ከሰዓት ቁጭ ብለው አንድ ሳያስቀሩ አጸዱት።

ዓርብ ጠዋት ፎልደሩ በአምስቱም ላይ ባዶ ነበር። በኔትወርክ የጠፋ ፋይል፣ ተመልሶ ሊወጣ ከሚችልበት የኮምፒውተሩ ቅርጫት ውስጥ አይገባም፤ እኔም ሌላ ቅጂ አልያዝኩም። መምህራኑ ውጤቱን ከየማርክ ሊስታቸው እንደገና ሊጽፉ ነው።

«ሆን ብሎ ነው! ሊሄድ ሲል ቂሙን ተወጣ» አለ የሒሳቡ አስተማሪ። ሁሉም ተስማማ።

እሳቸው የመልቀቂያ ቅጹን ይዘው መጡ። የኮምፒውተር ኃላፊ ስለሆንኩ የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው።

«ጋሼ፣ የሠላሳ መምህር ሥራ አጥፍተው ፊርማ ይጠይቁኛል?»

«የኔ ኮምፒውተር ውስጥ አለ አላልክም? አጽድተህ አስረክብ ተባልኩ፤ አጸዳሁ። ሳጠፋው የሌላውም አብሮ እንደሚጠፋ መቼ ነገርከኝ?»

ያን ሁሉ ሳስረዳ ይህችን አንድ ነገር አላስረዳሁም ነበር። ማየትና መጻፍ ብቻ ለሚበቃቸው ሁሉ የማጥፋት ፈቃድ የሰጠሁትም እኔው ነኝ። ያም ሆኖ እስክሪብቶውን ለማንሳት እጄ እምቢ አለ። ባልፈርም ሰኞ እንደማይደርሱ አውቃለሁ። ሲለምኑኝ ማየት ፈለግሁ።

አልለመኑም። ቆመው ጠበቁ።

«ጉድለት የለበትም» ከሚለው ሥር ፈረምኩ። ወረቀቱን አንስተው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህንኑ ለነሱም ንገራቸው» አሉ በአገጫቸው ወደ መምህራን ክፍል እያመለከቱ። «ቂመኛ ተብዬ ነው የምወጣው።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«አሁን።»

ደወል ሲደወል እሱን ሰበብ አድርጌ ወደማስተምርበት ክፍል ገባሁ።

የነገርኳቸው ሰኞ ነው። እሳቸው ያን ጊዜ ኩታበር ደርሰዋል።