እህቴ የፈረመችበት ቅጽ

ስፌት ቤታችን ውስጥ ታላቅ እህቴን በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም «ሜትር» ነው የሚላት፤ መለኪያው ከአንገቷ ወርዶ አያውቅማ። ደንበኛ ገና በሩን ሲያልፍ ወገቡን በዓይኗ ትገምታለች፤ ቢሆንም ሳትለካ ጨርቅ አትቆርጥም። አንድ ቀን እኔ ተጣድፌ የአንዱን ሱሪ በግምት ልቆርጥ ስል መቀሱን ከእጄ ነጥቃ ልክ ልኬን ነገረችኝ። «ሰውየው እዚሁ ቆሞልሽ ምን አስገመተሽ? ለኪው! ካልገባሽ ጠይቂው!»

ይህችው ጥንቁቅ ሴት አንድ ክፉ ልማድ ነበራት። መቀሱ አጠገቧ ተቀምጦ ክር በጥርሷ ትበጥሳለች። ሃያ ዓመት ስትበጥስ ኖራ አምና የላይኛው የፊት ጥርሷ ተሰነጠቀና ተነቀለ። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አፏን በመለኪያው ጫፍ መሸፈን ጀመረች። እኔም «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ» እያልኩ አበሽቃት ነበር። ኋላ ግን ሳቁን ራሱ ተወችው፤ እኔም ቀልዴን ተውኩ።

ጥርስ ለማስተከል የወሰነችው ያኔ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ራጅ አነሳት፣ አደነዘዛትና ድዷን ከፍቶ አጥንቷ ውስጥ ብሎን ቀበረ። ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር ሲያያዝ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥርሱ ከላዩ ይገጠማል አሏት። የሚዋጥ መድኃኒት ሰጥተው ሸኟት፤ በማግስቱ ጉንጯ እንዳበጠ ሥራ ገባች።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማቅለሽለሽ ጀመራት። መድኃኒቱ ነው አልን። የወር አበባዋም ቀርቷል፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነውና ዕድሜ ነው አለች። ጤና ጣቢያ ስንሄድ አዋላጇ ፈገግ ብላ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሁለተኛ ወርሽን ጨርሰሻል» አለቻት። ከመጀመሪያ ልጇ ወዲህ አሥራ ሰባት ዓመት የተመኘችው ነገር ነበር። ደስታዋ ግን አንድ ደቂቃ አልቆየም። አዋላጇ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ስታነብ ፊቷ ተለወጠ።

«ራጁስ ብዙም አያሳስበኝም። ይሄ ኪኒን ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ጥርሱም ቢሆን እስክትወልጂ ሊቆይ ይችል ነበር። እርጉዝ መሆን አለመሆንሽን አልጠየቁሽም?»

«ኧረ ማንም አልጠየቀኝም» አለች እህቴ።

አዋላጇ እንከታተላለን፣ ምናልባት ምንም አይሆንም ብላ አጽናናቻት። እህቴ ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያ «ምናልባት» ላይ ነው የኖረችው።

ጥርሱን ወዳስተከለችበት ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ማኅደሯን አወጣና አንድ ወረቀት ዓይናችን ሥር ደቀነ። «እርጉዝ ነዎት?» ከሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት «አይደለሁም» የሚለው ላይ የራይት ምልክት አለ። ከሥሩ የእህቴ ፊርማ።

«ይኸው፣ ተጠይቀው መልሰዋል። እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ።

«እንግዳ ተቀባይዋ እዚህ ጋ ይፈርሙ ስትለኝ ነው የፈረምኩት» አለች እህቴ። ድምፅዋ ግን ፊርማዋን ካየች በኋላ አነሰ።

ባሏ ሲሰማ «ለአንድ ጥርስ ብለሽ!» አለ። አማቷ ደግሞ «በዚህ ዕድሜዋ ለማን ልትስቅ ኖሯል?» አሉ። የሁለቱም አፍ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ምን ያደርጋል! እኔን ያንገበገበኝ ግን የእነሱ ነገር አይደለም። እህቴ ራሷ ማመን ጀመረች። ቁልፍ እየተከለች ድንገት ቀና ትልና «ጠይቃኝ ረስቼው ይሆን እንዴ?» ትለኛለች። እኔ ለካስ ከባሏ አልሻልም፤ አንዳንዴ እኔም ጠርጥሬያታለሁ። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ መናገሩን ተወች።

በስምንተኛው ወር በብሎኑ ዙሪያ ያለው ድዷ አብጦ መድማት ጀመረ። አልትራሳውንዱ ልጁ እስካሁን ደህና ነው ይላል፤ እሷ ግን ሳላቅፈው አላምንም ብላለች። ድዷን እንድትታይ አዋላጇ ስላዘዘቻት፣ ብሎኑም የእነሱ ስለሆነ፣ እየመረረን ወደዚያው ክሊኒክ ተመለስን።

ተቀባይዋ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ መሳቢያዋን ከፈተች፤ ከክምሩ አንድ ወረቀት መዝዛ ወደ እህቴ ገፋችው። «እዚህ ጋ ይፈርሙ።» የእህቴ ሆድ ከጠረጴዛው ጋር ተላትሟል።

ወረቀቱን አየሁት። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አለርጂ፣ እርግዝና፤ ሁሉም የለም፣ የለም፣ የለም ተብሎ ተሞልቷል። ምልክቱ የእስክሪብቶ እንኳ አይደለም። ከነራይቱ በፎቶኮፒ የተባዛ ነው።

ደሜ ፈላ። «አንቺ ዓይን የለሽም? ይሄ ሆድ አይታይሽም?»

«ኧረ አይጩሁብኝ! ሰው ሲበዛ ጊዜ ለመቆጠብ ነው። ሁሉም የለም ነው የሚለው» አለች፤ ስልኩን ሳትዘጋ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ቤት ግን የምታፈሰው ሌላ፣ የምትለቅመው ሌላ።

እህቴ አልጮኸችም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ጥፋቱ የእኔ አልነበረም» አለችኝ፤ አፏን ሳትሸፍን። ከዚያ መሳቢያውን ራሷ ስባ ክምሩን በሙሉ አነሳችና ተራ ወደሚጠብቁት ሴቶች ዞረች። ከወንበር ወንበር እየሄደች ትጠይቃቸው ጀመር።

«እናቴ፣ እርጉዝ ነዎት?»

«እኔን ነው?» አሉ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት። «አፍሽ ቡሩክ ይሁን ልጄ!»

ሰው ሳቀ። እህቴ አልሳቀችም፤ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች። ሐኪሙ ጫጫታውን ሰምቶ ጓንቱን እንዳደረገ ወጣ። «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ሊያስቆማት ሲል መሃል ገብቼ ቆምኩበት።

መጨረሻው ወንበር ላይ የራጅ ማዘዣ የያዘች ወጣት ሴት ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ እርጉዝ ነሽ?»

ልጅቷ ቀና አላለችም። «አዎ። ሁለት ወሬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አለ ሐኪሙ።

ልጅቷ ግራ ገብቷት መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እህቴን አየች።

«ማንም አልጠየቀኝማ» አለች።