ደገፋ በአንድ ጎማ ወደ ወሊሶ

ደገፋ ካቴና የሚዞርባቸውን ሁለት የብስክሌት ጥርሶች፣ ትልቁንና ትንሹን፣ በሁለት እጁ ይዞ ከፈቀደ ብየዳ ቤት ደጃፍ ከተቀመጠ ቆይቷል። ሰበታ ዝም ብላለች። በማስተር ፕላኑ ሰበብ የተነሳው ተቃውሞ የጅማን መንገድ በድንጋይ ዘግቶታል፤ ሚኒባስ የለም፤ እሱ ማሽን የሚጠግንበት ፋብሪካም ሥራ አቁሟል። እሑድ ደግሞ ወሊሶ ላይ የእህቱ የላሊሴ ልጅ ትዳራለች። በእነሱ ቤት የእናት ወንድም እጁን አንስቶ ካልመረቀ ሙሽራ ከደጅ አትወጣም።

ስለዚህ በወጣትነቱ ሰርከስ ሲሠራ የለመደውን ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ሊሠራ ተነሳ። መንገዱ ሲዘጋ ተሸክሞት ያልፋል። ባለ ሁለት ጎማውንም መሸከም እንደሚቻል በያጁ ፈቀደ ቢነግረውም፣ እሱ ጎማ መምረጡን ቀጠለ።

«ኦቦ ደገፋ፣ ለመሆኑ ሁለተኛውን ጎማ ለማን ተዉለት?» አለ ፈቀደ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

ካረጀ ብስክሌት ትልቅ ጎማ ፈቱ፤ ፔዳሉን ከጎማው በላይ አድርገው በካቴና አገናኙት። መጀመሪያ ሲሞክረው ግን የብስክሌት ጥርስ ወደ ኋላ ሲረግጡት በባዶ እንደሚዞር ዘንግቶ ኖሮ፣ ፔዳሉን ቢገታው ጎማው ጥሎት ሄደ፤ እሱ አስፋልቱ ላይ በደረቱ ተዘረጋ። ጥርሱ ከጎማው ጋር መበየድ እንዳለበት ያኔ ገባቸው።

ግን የትኛው ጥርስ? በትንሹ ጎማው በአንድ ርግጫ ሁለቴ ያህል ይዞራል፤ ይፈጥናል፤ ሚዛን ለመጠበቅ ግን እጅን እንደ ክንፍ መዘርጋት ግድ ነው። ትልቁ ይንቀረፈፋል፤ እጅ ግን ኮርቻውን ጨብጦ ያርፋል። መምረጥ ቢያቅተው አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አስበየደ። ለመለወጥ ጎማውን ፈትቶ ማገላበጥ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ በትንሹ ጥርስ ወጣ። ተፍኪ ሳይደርስ መንገዱን የዘጉ ወጣቶች አስቆሙት። ስቀው ሲጨርሱ ኮርቻው ላይ ለምለም ቅጠል አሰሩለትና እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ፣ የተቃውሞውን ምልክት እያሳየ እንዲያልፍ ነገሩት። አጣመረ፤ ጥቂት ሄዶ ወደቀ። ተነስቶ ነዳ። ከተፍኪ ወዲያ ወታደሮች ቆመዋል። ቅጠሉን ረስቶታል፤ እጆቹም አየር ላይ ናቸው።

«እጅህን አውርድ» አለው አለቃቸው።

አወረደ፤ ወደቀ።

«እጅ ወደ ላይ።»

በወደቀበት አነሳ። ጥፋቱ ማንሳቱ ይሁን ማውረዱ ግራ ገባው። ስለ ጥርሱ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ሙሽራዋ ሊያስረዳ ሞከረ፤ አለቃውም ግራ ተጋብቶ ቅጠሉን በጥሶ ጣለና እጁን እንዲሰበስብ አስጠንቅቆ ለቀቀው። ደገፋ እዚያው ጎማውን ገለበጠ፤ በትልቁ ጥርስ፣ ኮርቻውን ጨብጦ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ከሩቅ የተከመረ ድንጋይ ባየ ቁጥር፣ ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ወጣት ይሁን ወታደር ሳያውቅ፣ ጎማውን ሲፈታና ሲያገላብጥ ዋለ። ቱሉ ቦሎ አደረ፤ እሑድ ከቀትር በኋላ ወሊሶ ገባ።

ሚዜዎቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው አጉረምርመዋል። ሙሽራዋ ኤቢሴ ከደጃፉ ወዲህ አልወጣችም። አጎቷን ስታይ ጎንበስ አለችለት። የደገፋ እጆች እስከ ደረቱ ተነሱና እዚያ ቀሩ። ዙሪያውን ቃኘ፤ ማን እንደሚያየው ሊለይ ፈለገ።

ላሊሴ ተጠጋችው። «አንሳው እንጂ ወንድሜ፤ እዚህ እኛ ብቻ ነን።»

አነሳ። ሲመርቅ ግን ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር።