በመንገድ ያለቀ ዘር

ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። አድጋ፣ ተምራ፣ የዘረመል ተመራማሪ ሆና ነጭ ጋወን ከለበሰች በኋላም የላቦራቶሪው ሰዎች «ችኩሊት» እያሉ ነው የሚጠሯት። ልብስ ሰፊው ባሏም «አንቺን ለመለካት ሜትር ይዞ መሮጥ ነው» ይላታል።

ሥራዋ ሰውንና እህልን ጎን ለጎን ማጥናት ነበር። ከመንደር መንደር እየዞረች ከሴቶቹ ምራቅ፣ ከጎተራቸው ደግሞ ቦሎቄ ትሰበስባለች። ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የሰው ዘረመል ከቦሎቄው ዘረመል ጋር ስታስተያየው አንድ ነገር ፍንትው ብሎ ታያት። ሴት ልጅ ወደ ባሏ መንደር ስትሄድ ከእናቷ ጎተራ ዘር ይዛ ትሄዳለች፤ እናቶቹ በተጓዙበት ሁሉ ቦሎቄውም አብሮ ተጉዟል።

ከተራራው ሥር ያለችው መንደር ግን አፈነገጠች። ሴቶቹ ከሩቅ፣ ከትልቁ ወንዝ ወዲያ ካሉ ሰዎች የተወለዱ ናቸው፤ ቦሎቄያቸው ግን የጎረቤት መንደር ነው።

«ናሙና ተቀላቅሎብሽ ነው፤ አውጪውና ጽሑፉን እንላክ» አሉ አለቃዋ ፕሮፌሰሩ።

«ደግሜ ሠርቼዋለሁ እኮ፣ ፕሮፌሰር። አይወጣም!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ጀምራ ትተዋለች፤ ቁልፉ ኪሷ ውስጥ እያለ ቤቱን ታተራምሳለች። ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስትመላለስ ባሏ መቀሱን አስቀመጠ።

«ሂጂና ጠይቂያቸው። እዚህ ወለሉን ከምትጨርሺው እዚያ መንገዱን ብትጨርሺው ይሻላል።»

ሄደች። ቀደም ሲል ምራቅ የሰጧት አሮጊት ደጃፋቸው ላይ ቦሎቄ ሲለቅሙ አገኘቻቸው።

«እማማ፣ ይሄን ዘር መጀመሪያ ከየት አመጣችሁት?»

«ከጎረቤት ነዋ! ምነው፣ ሌባ እየፈለጋችሁ ነው?»

«ሴቶቻችሁ ግን ከጎረቤት አይደሉም። ምራቁ ከወንዙ ወዲያ ነው የሚለው።»

አሮጊቷ ቦሎቄውን ወደ ጎን አደረጉት። ምራታቸውን ውሃ ቅጂ ብለው ላኩና እንግዳዋን ወደ ቤት አስገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

«አያቴ የመጣችው በችግር ዘመን ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አብረዋት የመጡት ሴቶችና ሕፃናት ብቻ ነበሩ። ዘር ቋጥረው ነበር የወጡት። ልጆቹ በረሃብ ሲያለቅሱ ጊዜ መንገድ ላይ ፈቱት። ዘሩን የበላ ሰው ምን ይባላል? ባዶ እጃቸውን እዚህ ደረሱና ‹ከዚሁ ከማዶ መንደር ነን› ብለው ከጎረቤት ዘር ለመኑ። ይሄን የምናውቅ እኛ አሮጊቶቹ ብቻ ነን።» ከዚያ ክንዷን ያዝ አደረጓት። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከወጣ የልጅ ልጆቼን መጤ ይሏቸዋል። በወሰን የተነሳ ጠብ እንዳለ ታውቂያለሽ።»

«ምራቁን ሲሰጡኝ ፈርመውልኝ ነበር እኮ» ለማለት ቃጥቷት ምላሷን ነከሰች። ያን ቀን ስታስፈርማቸው የሰው ጓዳ እየከፈተች መሆኑን እሷም መች አወቀችው!

ፕሮፌሰሩ ታሪኩን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይሄ ነው ጽሑፉን የሚያደምቀው! በመጀመሪያው ገጽ ይግባ!»

«አይገባም። መንደሯ ከጽሑፉ ትወጣለች።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይውጣ ስል አይወጣም አልሽ፤ ይግባ ስል አይገባም ትያለሽ። ምን ይሻልሻል?»

«የእነሱ ጉዳይ ነው፣ ፕሮፌሰር። አልፈቀዱም። ካስገቡት የእኔን ስም ያውጡት።»

ተኮራረፉ። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ አንደኛው ግድግዳ፣ ሌላኛዋ ጣሪያ ያያሉ። በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ እየተነጫነጩ ተሸነፉና ጽሑፉ ያለዚያች መንደር ወጣ። ማንም ብዙ አላወራለትም። በምሳ ሰዓት አንድ የሥራ ባልደረባዋ «ጨው የጎደለው ጥናት» ሲል ሰምታ፣ ሳህኗን ሳትጨርስ ተነስታ ወጣች።

ለአሮጊቷ ልትነግራቸው ተመልሳ ስትሄድ «ተባረኪ» አሏት። ከዚያ «የአያቴ አገር ሰዎች ምን ይዘራሉ?» ብለው ጠየቋት።

«ጠቃጠቆ ያለበት ቀይ ቦሎቄ።»

«ይጣፍጣል?»

«አልቀመስኩትም፣ እማማ።»

«እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስታጠኚ ከረምሽ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ግን በሌሎቹ መንደሮች ስንት ጓዳ ሳታውቅ ከፍታ እንደሄደች ታስብ ነበር።

አሁንም ትዞራለች። ምራቅ ከመቀበሏ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ትጨምራለች፤ «እንዲታወቅባችሁ የማትፈልጉት ነገር ብናገኝስ?» ብዙዎቹ ይስቁባታል። አንዳንዶቹ ግን ጥቂት ያስቡና፣ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው ይሄዳሉ።